ቀጣፊው መንጋጋ

ፕሮፌሰሯ የዚያን ዕለት ጠዋት ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ስትገባ ከሁሉ አስቀድማ የዳበሰችው መነጽሯን ሳይሆን ከረሜላዋን ነበር። በአረንጓዴው ልብሷ ኪስ ሦስት ከረሜላ ይዛለች። የፈተና ቀን ነው፤ በፈተና ቀን አፏ ሌላ ሥራ ካልተሰጠው አርፎ እንደማይቀመጥ እሷም ታውቃለች፣ ሆስፒታሉም ያውቃል።

ሕጉ ጥብቅ ነው። የተሰበረ ፊት መጠገን የሚማር ሐኪም፣ ሁለት ዓመት ሠልጥኖ ሲያበቃ አንድ በሽተኛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሱ ሠርቶ ያሳያል። መምህሩ ጓንት ሳያጠልቅ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ግድግዳ ሥር ይቆማል። አንዲት ቃል ከተነፈሰ ተፈታኙ ወደቀ። በሽተኛው ሊጎዳ ነው ካለ መናገር ግዴታው ነው፤ ግን ያን ጊዜ ፈተናው አበቃ ማለት ነው። ማሳልም ክልክል ነው። ይህ የሳል ነገር የተጨመረው በእሷው ጥፋት ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ተማሪዋ ብሎኑን የጥርስ ሥር ላይ ሊሰካ ሲል "እህ! እህ!" ብላ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ልጁ ደንግጦ ቀዳዳውን አንድ ጣት ዝቅ አደረገና አለፈ። ሆስፒታሉ ሁሉ "በሳል የተመረቀ" እያለ ሲስቅበት ከረመ።

ያ በሳል የተመረቀው ዛሬ በሌላ ሆስፒታል ትልቅ ሐኪም ሆኗል። የዛሬው ፈታኝም እሱ ነው። ሰዓቱን እጁ ላይ፣ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ማዕዘኑ ላይ በርጩማ ይዞ ተቀምጧል። ገና ስትገባ አያትና፣

"ፕሮፌሰር፣ ጉንፋን የለብዎትም አይደል?" አላት።

"አንተን ካስተማርኩ ወዲህ ሳልም ጠፍቶልኛል" አለችና የመጀመሪያዋን ከረሜላ ጭምብሏን ገለጥ አድርጋ ወደ አፏ ወረወረች።

ተፈታኟ ጓደኞቿ "ኤሊ" የሚሏት ወጣት ሐኪም ናት። ስሙን ያወጡላት በክፋት አልነበረም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ሌሎቹ ሦስት መንጋጋ ሲያሥሩ እሷ አንዱን ገና አገላብጣ ትመረምራለች። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ብለው ሲያሾፉባት፣ "የኔ እንቁላል ገና ጫማ እየፈለገ ነው" ብላ አብራቸው ትስቃለች። የመጣችው በአውቶቡስ ሁለት ቀን ከሚያስኬድ ትንሽ ሆስፒታል ነው። እዚያ መንጋጋው የተሰበረ ሰው አገጩን በጨርቅ አሥሮ ይተኛል፣ አጥንቱም እንደፈቀደው ተጣሞ ይጋጠማል። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር በቅርቡ ደብዳቤ ጽፎላታል፤ በዚህ ዓመት የምስክር ወረቀቷን ይዛ ካልተመለሰች የተዘጋጀላት የኦፕራሲዮን ክፍል ለሌላ ሥራ ይሰጣል። ደብዳቤውን ፕሮፌሰሯም አንብባዋለች። እንዲህ ዓይነቷን ልጅ ዓመት ጠብቀሽ እንደገና ተፈተኚ ማለት፣ አትምጪ ከማለት አይለይም።

ደግሞ የምታስበው ሌላ ነገርም ነበር። ይህች ልጅ የመጨረሻዋ ናት። ፕሮፌሰሯ ከመጪው ክረምት በኋላ ጡረታ ትወጣለች። ሃያ አምስት ዓመት አስተምራለች። ፈጣን አስተምራለች፣ ጎበዝ አስተምራለች፣ ዝነኛም አስተምራለች። ግን አንድ ነገር ሲያደርግ ላየው ብላ የጠበቀችውን ተማሪ እስከ ዛሬ አላገኘችም። ነገሩ ምን እንደሆነ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ሠልጣኞቹ በድብቅ "እሜቴ ንክሻ" ይሏታል። በድብቅ መስሏቸው ነው እንጂ እሷስ ታውቃለች፤ ትወደዋለችም። በመጀመሪያው ሳምንት ብረት አታስነካቸውም። ለእያንዳንዳቸው የእጅ መስታወት ትሰጥና "አፍህን ክፈት፣ ግጠም፣ የትኛው ጥርስህ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ ንገረኝ" ትላለች። አርባ ዓመት የሞላው ሐኪም የገዛ ጥርሱን ሳያውቀው እንደኖረ የሚያፍረው ያን ጊዜ ነው። "አጥንት ይዋሻል፤ ጥርስ አይዋሽም። መጀመሪያ ንክሻ፣ ከዚያ አጥንት!" ይህን ያልሰማ ተማሪ የለም፤ ተኝተውም ይሰሙታል።

በሁለተኛው ሳምንት አናጢው ይመጣል። የእንጨት ሥራ ቤቱ ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው፤ ለመለማመጃ የሚሆኑትን መንጋጋዎች ከእንጨት የሚቀርጽላቸው እሱ ነው። ጆንያውን ጠረጴዛ ላይ ሲገለብጠው ሃያ ሠላሳ መንጋጋ ይንኳኳል። ከሁሉ መጨረሻ ከኮት ኪሱ አንዱን ያወጣል። ስሙ "ቀጣፊው" ነው። ቀጣፊው አገጩ መካከል ላይ ተሰብሮ በብረት የተጠገነ ነው። ከፊት ሲያዩት የስብራቱ መስመር ፀጉር አያስገባም። ሠልጣኞቹ "ዋው፣ ማን ሠራው?" እያሉ ይቀባበሉታል። ከዚያ አናጢው ገልበጥ አድርጎ በምላስ በኩል ያሳያቸዋል፤ ስብራቱ እዚያ እርሳስ እስኪያስገባ ድረስ ተበርግዷል። ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ የሚሉት ይኸው ነው። ብረቷ ከአጥንቱ ትንሽ አልፋ ሳትጎብጥ፣ መንጋጋው ከሁለት ጎን ሳይጨመቅ ብሎን ከተመታበት ፊቱ ይዘጋል፣ ኋላው ይከፈታል። ጥርሶቹ ወደ ውጭ ያጋድላሉ፣ ፊቱ ይሰፋል።

"ባለቤቱስ ማነው?" ይላል አንዱ ሁልጊዜ።

ያን ጊዜ አናጢው አፉን ይከፍታል። "ጣታችሁን አስገቡና ዳብሱት። አትፍሩ፣ አልነክስም። ብፈልግም አልችልም!"

ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ፕሮፌሰሯም ትስቃለች፤ ቀጥላም ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት፣ ሠልጣኝ ሳለች፣ ከመሰላል በአገጩ የወደቀውን ይህን ሰው የሠራችው እሷ መሆኗን ትናገራለች። "ኋላውን ሳላየው ቀረሁ፤ እናንተ ግን እዩ" ብላ ትዘጋዋለች። አናጢው በዚያች ቃል ላይ ምንም ጨምሮ አያውቅም። ቀጣፊውን ወደ ኪሱ ይመልስና፣ ሻይና ዳቦ ከቀረበለት ዳቦውን በግራ በኩል ብቻ እያኘከ ይበላል።

የዛሬው በሽተኛ የሒሳብ መምህር ነው። ከብስክሌት ወድቆ አገጩ መካከሉ ላይ ለሁለት ተከፍሏል፤ ጆሮዎቹ ሥር ያሉት የመንጋጋው ሁለት አንገቶችም ተሰንጥቀዋል። ልክ የአናጢው ስብራት ነው። ፕሮፌሰሯ ትናንት ራጁን አውርዳ፣ እንደገና ሰቅላ አይታዋለች።

ኤሊ በራሷ መንገድ ጀመረች። የላይና የታች ጥርሶቹን አጋጥማ በቀጭን ሽቦ አሠረች፤ እያንዳንዱን ሽቦ ስትጠመዝዝ በልቧ የምትቆጥር ይመስላል። ፈታኙ ሰዓቱን አየ። የተሰጣት ሦስት ሰዓት ነው፤ ሽቦው ብቻ አንዱን በላው። ረዳቷ ባለፈው ሳምንት ተፈትኖ ያለፈው "መብረቅ" ነው። መብረቅ እጁ ከሐሳቡ ይፈጥናል፤ ሳይጠሩት የሚያቀብል፣ ሳይነግሩት የሚይዝ። እግዜር የሰጠው እጅ ነው፤ ልቡም ቢሆን ክፉ አይደለም።

"ከሁለት ጎን ጭመቅልኝ" አለችው ኤሊ፣ የጥፍር ያህል የሳሳችውን ባለ ቀዳዳ ብረት አገጩ ላይ እያስቀመጠች።

መብረቅ በሁለት መዳፉ የመንጋጋውን ማዕዘኖች ጭምቅ አደረገ። የመጀመሪያው ብሎን ገባ። ሁለተኛው ሊገባ ሲል ደም ከሥር ቋጠረ፤ ኤሊ ሳትጠይቀው መብረቅ አንድ እጁን ለቀቀና ደም መምጠጫውን አነሣ። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። በዚያችው ሦስት ሰከንድ ብሎኑ ጠበቀ።

ፕሮፌሰሯ አየችው። ከግድግዳው ሥር ሆና፣ ያለ ጓንት፣ እጆቿ ከጀርባዋ ተቆላልፈው፣ የመንጋጋው ማዕዘን የሩዝ ፍሬ ታህል ወደ ውጭ ስትሸሽ አየቻት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የዛሬው ግን ያፈሰሰው አንዱ፣ የምትለቅመው ሌላዋ ነበረች። ኤሊ ዓይኗ ፊት ፊቱ ላይ ነው። ሦስተኛው ገባ። አራተኛው ገባ። ከፊት ሲያዩት የስብራቱ መስመር ፀጉር አያስገባም።

"ያምራል" አለች ሲስተሯ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ኤሊን ስትጠብቅ እግሯ ያበጠባት የመሣሪያ አቀባይ ነርስ። "ዛሬስ ሰዓት ተረፈሽ!"

እውነትም ተርፏታል። ከጀመረች ገና ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። ሲስተሯ መርፌውን ክር አስገብታ አቀበለቻት። ኤሊ ተቀበለች።

ፕሮፌሰሯ ሁለተኛዋን ከረሜላ ያለ ጊዜዋ አፏ ውስጥ ጨመረች። መርፌው ሥጋ ከመንካቱ በፊት መናገር አለባት፤ ይህ የሒሳብ መምህር የማንም መማሪያ ደብተር አይደለም። ከተናገረች ደግሞ ልጅቷ ወደቀች፣ ያ ሩቅ ሆስፒታልም ክፍሉን ዘጋ። "መርፌው አገጩ ጋ እስኪደርስ ድረስ እሰጣታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቢያመኝም እናገራለሁ" አለች በልቧ።

ያን ጊዜ የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመቱ መርፌ ትዝ አላት። ለተማሪዎቿ ስትነግር የኖረችው ውሸት ነው። አይታዋለች። መርፌው እጇ ላይ እያለ ጣቷን በምላስ በኩል አስገብታ ነበር፤ ክፍተቱን ነክታዋለች። ግን ቀና ስትል መምህሯ "እንዲህ ነው እንጂ!" እያለ፣ ጓደኞቿ አንገታቸውን አስግገው እያደነቁ ነበር። አራት ያማሩ ብሎኖችን በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት መፍታት እንዴት ይቻላል? ጣቷን አወጣች። ሰፋች። ተጨበጨበላት። በስድስተኛው ሳምንት አናጢው መጣ።

የኤሊ መርፌ ወደ አገጩ ወረደ። ፕሮፌሰሯ አፏን ልትከፍት ከረሜላውን ወደ ጉንጯ ገፋችው።

መርፌው ቆመ።

"ሲስተር፣ ይሄ ይቆይልኝ" አለች ኤሊ። "የሽቦ መቁረጫ ስጪኝ።"

"ምነው? አልቆ የለም እንዴ?"

"ንክሻውን ልየው።"

ጥርሶቹን ያሠሩትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ቆረጠች። መንጋጋውን ይዛ ከፈተች፣ ገጠመች። ከፈተች፣ ገጠመች። ከዚያ ጣቷን ከምላሱ ሥር አሾልካ ወደ ኋላ አስገባች። የማደንዘዣው ባለሙያ እንኳ ከማሽኑ ላይ ቀና አለ።

መብረቅ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ። "ኧረ ባክሽ፣ ፊቱ ተገጥሟል እኮ! ራጁም አሪፍ ነው የሚወጣው። ማን ያየዋል?"

"እሱ ያየዋል" አለች ኤሊ። "በቀን ሦስቴ፣ በበላ ቁጥር።" ቀና ብላም ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ "ኋላው ተከፍቷል። አፈርሰዋለሁ" አለች።

ሲስተሯ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ፈታኙ የእጁን አየ። ኤሊ ማንንም አላየችም። የብሎን መፍቻውን ተቀበለችና አራተኛውን ፈታች፣ ሦስተኛውን ፈታች፣ ሁለተኛውን፣ አንደኛውን። ግድግዳው ሥር የፕሮፌሰሯ ከረሜላ ጥርሷ መካከል ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ፈታኙ ዘወር ብሎ አያትና፣ ሳል አለመሆኑን አረጋግጦ ተመለሰ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ መነጽሯ ደመነ። ሃያ ስምንት ዓመት የጠበቀችው ይኸው ነበር፤ በሰው ፊት ያማረ ሥራውን የሚያፈርስ አንድ ሰው።

ኤሊ ጥርሶቹን እንደገና አጋጥማ አሠረች። ብረቷን በጉጠት ይዛ፣ አሁን ከአጥንቱ ትንሽ አለፍ አድርጋ አጎበጠቻት።

"መብረቄ" አለች፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ "ደሙ ቢያጥለቀልቀን እንኳ እጅህን እንዳትለቅ። ደሙን ለኔ ተወው።"

"እሺ" አለ መብረቅ። ሁለት መዳፉን ጫነና እንደ ሐውልት ደረቀ። ላብ በግንባሩ ሲወርድ ሲስተሯ ጠረገችለት።

ብሎኖቹ ገቡ። ሽቦው ተፈታ። መንጋጋው ተከፈተ፣ ተገጠመ። ጥርስ ጥርስ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ድምፅ አለው፤ ጠቅ ይላል። ፕሮፌሰሯ ድምፁን ከግድግዳው ሥር ሰማችው። ኤሊ በጣቷ ኋላውን ዳበሰችና መርፌዋን ጠየቀች። የመጨረሻው ስፌት ሲታሠር ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኖ ነበር።

በሽተኛው ወደ ማገገሚያ ከወጣ በኋላ ፈታኙ ኤሊን ከፊቱ አቆማት።

"በመጀመሪያው ጊዜ ምን ተሳሳተ?"

"ብሎኑን ሳጠብቅ ፊት ፊቱን ብቻ አየሁ" አለች ኤሊ።

"እሷ አይደለችም" አለ መብረቅ ከበሩ ላይ፣ ጭምብሉን እንደ አንገት ልብስ አንጠልጥሎ። "እጄን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ልቀቅ ያለኝ የለም። ይጻፉት።"

ፈታኙ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላዋን አየ። ከዚያ ወረቀቱን በእርሳሱ እየመታ ወደ ፕሮፌሰሯ ዞረ። "ሰዓቱ ሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል፣ ፕሮፌሰር።"

ፈተናው አልቋል፤ አፏ አሁን የራሷ ነው። የሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ንግግር ተጠራቅሞባታል። ሁሉም ጆሮውን ለጉድ አዘጋጀ። እሷ ግን ይህን ብቻ አለች፤

"አንተን ያሳለፈህ ሳል ነው። እሷን ማን ሳለላት?"

ሲስተሯ ፊቷን አዙራ በሳቅ ፈነዳች። ፈታኙ እስከ ጆሮው ቀላ፤ ቀጥሎ እሱም ሳቀ። የሰዓቱን ነጥብ ግን ምሕረት ሳያደርግ ሙሉ በሙሉ ቀነሰው፤ ሕግ ሕግ ነው። ቢሆንም አለፈች። ከታች፣ አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት፤ "ስህተቱን ራሷ አየች፣ ራሷ አፈረሰች፣ ራሷ ሠራች።" ኤሊ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። ደስታ እንኳ ቀስ ብሎ ነው የመጣላት።

ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰሯ ከሆስፒታሉ ጀርባ ወዳለው እንጨት ሥራ ቤት ሄደች። አናጢው እስከ ቁርጭምጭሚቱ የእንጨት ፍቅፋቂ ውስጥ ቆሞ ሳንቃ ይልጋል።

"እንዴት ሆነች ኤሊ?" አለ ቀና ሳይል።

"አፈረሰችው፣ ጋሼ።"

መላጊያው ቆመ። ሁሉንም ነገረችው፤ ብሎኖቹን፣ መርፌውን፣ "በቀን ሦስቴ" ያለችውን። አናጢው ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ በጣቶቹ መካከል ያንከባልለው ጀመር። ነግራ ስትጨርስ አልሄደችም። መጋዝ የተደገፈበትን በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

"አንድ ነገር ልንገርህ። የዚያን ጊዜ አይቼው ነበር። ጣቴን ከኋላ አስገብቼ ነበር። ክፍተቱን ነካሁት፤ ግን ሁሉም ሲያደንቁኝ ማፍረስ አፈርኩ። ሃያ ስምንት ዓመት ዋሸሁህ።"

አናጢው ከልብሱ ላይ ፍቅፋቂውን አራገፈ።

"አውቃለሁ" አለ።

"እንዴት?"

"በስድስተኛው ሳምንት ስመጣ ገና አፌን ሳልከፍት ነው እንባሽ ዱብ ዱብ ያለው። ያላየ ሰው እኮ አፌን እስክከፍት ይጠብቅ ነበር።"

ፕሮፌሰሯ በርጩማዋን ወደ እሱ አስጠጋች። "ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ? ለምንስ ይሄን ሁሉ መንጋጋ ቀረጽክልኝ?"

"ያለቀሰ ሰው ያስተምራል ብዬ ነዋ" አለ። ከኮት ኪሱ ቀጣፊውን አወጣና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። "ይሄን ለልጅቷ ስጫት፤ ይዛው ትሂድ። እኔ ሌላ እቀርጻለሁ። እውነቱን ደግሞ ለሚመጡት ሠልጣኞች ንገሪያቸው፤ የማያፈርስ ሰው ያደረገውን ይስሙ። ጣት የሚያስገቡበት አፍ እንደሆነ እኔ ዘንድ አለ።" ከዚያም ያችን ወደ ግራ ያጋደለች ፈገግታውን ፈገግ አለ። "ለኔ ያላደረግሽልኝን አስተምረሻታል። እንግዲህ ኩሪ። እኔም ኮርቻለሁ፤ በኔ መንጋጋ ነው የተማረችው።"

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ኪሷን ዳበሰች። አንድ ከረሜላ ቀርታለች። ልጣ ሰጠችው። አናጢው አፉ ውስጥ ጨመራትና በግራ በኩል እያኘከ መላጊያውን አነሣ።